አንቀጽ ዘጠኝ እና የጢባርዮስ ዲናር

ገብረመድኅን በሽታ ነበረበት። ኪኒን የሚታዘዝለት ዓይነት አይደለም፤ የማረም በሽታ ነው። ሰው ተሳስቶ ሲያወራ ከሰማ ሳያርም አያልፍም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ፣ «ነፍሱን ይማረውና፣ በሰባ ሰባት ነው ከሀገር የወጣው» ሲባል፣ «በሰባ ስምንት ነው፤ የድርቁ ማግስት» ብሎ ያቃናል። ሐዘንተኛዋ እንባዋን ገታ አድርጋ ትገላምጠዋለች። ክፋት ግን የለበትም። ስህተት ሰምቶ ዝም ማለት ለሱ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው አይቶ እንደ ማለፍ ነው።

ወልድያ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሯል። ካልጋሪ ላይ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፎርክሊፍት ነድቷል፤ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባል ሰፈር፣ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ። ሴራሚክ አይሳሳትም፣ ስለዚህ አይታረምም። ሳምንቱን ሙሉ የተጠራቀመው እርማት እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ሰው ላይ ይዘረገፋል። ሰዉም ዘዴ አበጅቷል። ገብረመድኅን ጉሮሮውን ሲጠርግ አንዱ ይነሳና፣ «ጎን ካለው የጎማ ቤት ፊት ፓርክ ያደረጋችሁ፣ መኪናችሁን ቶው አድርገው ሊወስዱት ነው!» ይላል። ግማሹ ሰው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ይወጣል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ንግግር እንኳ ጨርሶ አያውቅም።

ለዚህ ሰው መጽናኛው አንዲት ብር ነበረች። የጢባርዮስ ቄሣር ዲናር። ስፋቷ ከካናዳ አሥር ሳንቲም አይበልጥም፤ ወፈር ትላለች እንጂ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሆቴል ውስጥ በተዘጋጀ የድሮ ሳንቲሞች ገበያ ላይ ነው የገዛት። ወልድያ ሳለ ያንን የንጉሥ ፊት፣ ከነቅጠል ጉንጉኑ፣ ከነረጅም አፍንጫው፣ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይሥለው ነበር፤ ተማሪዎቹም በየዓመቱ «ቲቸር፣ ዶሮ ነው?» ይሉት ነበር። እውነተኛውን ፊት መዳፉ ላይ ሲያስቀምጡለት፣ ያ ሁሉ ነጭ ነጋዴ እያየው አለቀሰ። ሻጩ ዋጋው ከብዶት መስሎት ቀነሰለት።

ሚስቱ ቆንጅት፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ፣ ምላሷ የማይደክም ሴት፣ ብሯን «ጣውንቴ» ትላታለች። የጆሮ ጌጧን ሳጥን ስለወሰደባት ነው። አቢዴል ሰፈር ባለው ቤታቸው ጠዋት ጠዋት፣ «ጣውንቴ እንዴት አደረች? ብርድ አልመታትም?» ትለዋለች። እሱ አይስቅም። ሳጥኑን ከፍቶ፣ ዳርና ዳሯን በሁለት ጣት ይዞ፣ ወደ መስኮቱ ያዞራታል።

«የኛ አክሱም የራሷን ሳንቲም ስትመታ ኖራ፣ አንተ የሮማን ትሰበስባለህ?» የማይለው አልነበረም። ለዚህ መልስ ነበረው፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ መልስ። ማንም ሰምቶት አያውቅም።

አንድ ሌላ አመል ነበረው፤ የተበሳ ሳንቲም ማየት አይችልም። እዚያው ገበያ ላይ አንድ የጥንት ሰው አንገቱ ላይ ሊያንጠለጥለው የበሳውን ዲናር አይቶ፣ ሬሳ ያየ ያህል ፊቱን አዞረ። «የተበሳ ሳንቲም የሞተ ሳንቲም ነው» ይላል ሁልጊዜ።

«የእናቴ ማርትሬዛዎች ሁሉም የተበሱ ናቸው» ስትለው ቆንጅት፣

«ሁሉም ሞተዋል» አላት። «ነፍስ ይማር።»

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት ሃያ ግድም፣ በረዶ የጣለ እሁድ ነው። ቅዳሴው አልቋል፣ ሕዝቡ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ስብከት ይጠብቃል። ሰባኪው ዲያቆን ዮፍታሄ ኗሪነቱ ከከተማው ውጭ፣ ኤርድሪ ነው። ደውሎ፣ «ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ ትራክ ተገልብጧል፣ መንቀሳቀስ አልቻልኩም» አለ። ቀሲስ አድማሱ አዳራሹን ቃኙ። የዕለቱ ንባብ ለቄሣር ግብር ስለመክፈል ነበር። ዓይናቸው ገብረመድኅን ላይ አረፈና ተነፈሱ፤ ሌላ ሰው ቢያገኙ ደስ ባላቸው።

«እስኪ ጋሼ ገብረመድኅን፣ ዮፍታሄ እስኪደርስ አሥር ደቂቃ ሙላልን። ያቺ ብርህ አብራህ አለች?»

አብራው አለች ወይ! ልቡ ላይ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበረች። ገብረመድኅን ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም ስለ መኪና አላነሳም፤ ውጭ ያለው ብርድ ያስፈራ ነበርና። አሥራ አራት ዓመት ለሴራሚክ ሲያነበንበው የኖረውን ጀመረ።

«ያኔ ጌታ ‘ይህ የማን መልክ ነው’ ብሎ የጠየቀባት፣ እንደዚህች ያለች ዲናር ናት» አለ፣ ብሯን ከፍ አድርጎ። «እዩት ጢባርዮስን! ዙሪያውን ምን እንዳስጻፈ ታውቃላችሁ? ‘የአምላኩ የአውግስጦስ ልጅ’ ይላል። አስቡት እንግዲህ! እውነተኛው የአምላክ ልጅ ናዝሬት ላይ እንጨት ይጠርባል፤ ይሄኛው ደግሞ ብር ላይ ስሙን ያስቀርጻል! በጀርባዋ ‘ሊቀ ካህናት ነኝ’ ይላል፤ አያፍርም። ከጽሕፈቱ መሐል ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት አለች፤ በአንድ እጇ በትር፣ በሌላው የወይራ ዝንጣፊ ይዛለች። ሰላም ናት የሚሉ አሉ፣ የንጉሡ እናት ናት የሚሉም አሉ። እንካችሁ፣ በዓይናችሁ እዩ!»

ከፊት ለተቀመጡት ሰጠና ንግግሩን ቀጠለ። እዚህ ላይ ነው አስተማሪነቱ የት እንዳለ ያስረሳው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነገር ምን እንደሚደረግ እሱ ጠፍቶት አይደለም፤ ይሳማል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። የመጀመሪያዋ ሴት ሳመችና ግንባሯን አስነካች፤ ሁለተኛዋ የሚያማትን ጉልበቷን አሸችበት፤ ሦስተኛው ልጁን አሳለመ። ጲላጦስን የሾመው ጢባርዮስ፣ በሁለት ሺህ ዓመቱ፣ ካልጋሪ ላይ በስድሳ ኦርቶዶክሳዊ ከንፈር ተሳመ። ገብረመድኅን «አይሳምም!» ሊል አፉን ከፈተ። ግን ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠዋል። አፉን መልሶ ዘጋው፤ በሕይወቱ ያለፋት የመጀመሪያዋ ስህተት ይህች ናት።

ጸጥታው አሰከረው። አክሱምን አነሳ፣ የአሥራ ሁለት ደቂቃውን መልስ አጋመሰው፣ ድምፁ ከፍ አለ። «ይህች ዲናር የኔ እንዳትመስላችሁ!» አለ እጁን ዘርግቶ። «የሁላችንም ናት! እኔ ጠባቂ ነኝ። ከእግዚአብሔር ቤት የበለጠ የሚገባት ቦታ የት አለ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ።

ብሯ በዚህ ጊዜ ከኋላ፣ ከሙዳየ ምጽዋቱ ሳጥን አጠገብ ከተቀመጡት ከጋሼ ሀይሌ እጅ ደርሳለች። ጋሼ ሀይሌ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። የጆሯቸው መስሚያ ባትሪ ከጨረሰ ሰንብቷል። ሰው ቆሞ እየተናገረ ሳንቲም ሲዞር፣ በዚያ ሁሉ ዕድሜያቸው የሚያውቁት አንድ ምክንያት ብቻ ነው። ብሯን ሳሙ፣ ከኪሳቸው የሁለት ዶላር ሳንቲም ጨመሩባት፣ ሁለቱንም አንድ ላይ በሳጥኑ ቀዳዳ ለቀቋቸው። ኪል አለ።

ገብረመድኅን ሲጨርስ ተጨበጨበለት። እውነቱን ለመናገር እልልም የተባለ ይመስላል። ላቡን ጠርጎ፣ «ብሯስ? የት ደረሰች?» አለ።

«ሰጠሁልህ ልጄ» አሉት ጋሼ ሀይሌ፣ ሳጥኑን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው። «እግዜር ይቀበልህ።»

ገብረመድኅን ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዝ አለው። ወደ ሳጥኑ ሄደ፣ በቀዳዳው አጮለቀ፤ ጨለማ ነው። ቆንጅት ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን አቆመች። ከልቡ ደንግጧል።

«ቀላል ነው፣ እንክፈተዋ» አለ አንድ ወጣት።

ቀላል አልነበረም። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ ከቀሲስ ዘንድ ነው፤ አንዱ ከገንዘብ ያዧ ከፀሐይወርቅ ዘንድ ነው፤ ሦስተኛው ዘነበ የሚባል የረጅም መንገድ ትራክ ነጂ ዘንድ ነው፤ ዘነበ ደግሞ ያን ቀን ኦንታሪዮ ነው። ቁልፍስ ይሁን፤ ይመጣል። ደንቡስ? የደብሩ መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ፣ «ወደ ሙዳየ ምጽዋት የገባ ማናቸውም ነገር በማናቸውም ምክንያት ለሰጪው አይመለስም፤ ወርቅ፣ ብርና ዕቃ ከሆነ በዓመታዊው ንግሥ ዕለት በጨረታ ይሸጣል» ይላል። እያንዳንዷን ቃል፣ ከነነጠላ ሰረዟ፣ የጻፋት የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው ማን መሰላችሁ? ገብረመድኅን!

የጻፈበትም ምክንያት ነበረው፤ አንዱ የተሳለውን የወርቅ ሐብል ከሰጠ በኋላ ተጸጽቶ መልሱልኝ ብሎ አስቸግሮ ነው። ደንቡ ግን መጀመሪያ የያዘው ያንን ሰውዬ አይደለም። ፀሐይወርቅን ነው። ፀሐይወርቅ ከሦስት ዓመት በፊት ባሏ ሞተባት፤ ከሐዘኑ የተነሳ ከሳች፤ ጣቷም ከሳ። አንድ እሁድ ከጓንቷ ውስጥ ሳንቲም በእፍኟ አውጥታ ሳጥኑ ውስጥ ስትለቅ፣ የጋብቻ ቀለበቷ አብሮ ሾልኮ ገባ። አልቅሳ ጠየቀች። ገብረመድኅን ተነስቶ አንቀጽ ዘጠኝን አነበበላት፤ መነጽሩን ሰክቶ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዲገባት። «እህቴ፣ አዝናለሁ፤ ግን ደንብ ደንብ ነው» አላት። በንግሡ ቀን ለገዛ ቀለበቷ ተጫረተች። አቅሟ እስከቻለ ሄደች፣ ከዚያ ቆመች። ከኤድመንተን የመጣ አንድ እንግዳ፣ ምንም የማያውቅ፣ እልል እየተባለለት ወሰደው። ገብረመድኅንም አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ ጋሼ ገብሬ» ትለው የነበረችው ሴት «እርስዎ» ትለዋለች።

አሁንም ከማዕድ ቤቱ በር ላይ፣ እጇን በፎጣ እያደረቀች፣ በትሕትና ጠየቀችው።

«አንቀጽ ዘጠኝ ምን ይል ነበር ጋሼ ገብረመድኅን? እርስዎ ያስታውሱታል።»

ቀሲስ አድማሱ ነገሩን ሊያበርዱ ገቡ። «ጉባኤው ከፈለገ ለአንድ ጊዜ አንቀጹን ሊያነሳው ይችላል። አንተ አመልክትና እንነጋገርበታለን።»

መንገዱ ተከፍቶለት ነበር። አንድ ገጽ ማመልከቻ ይጽፋል፤ መጻፍ ደግሞ ይወዳል። ግን ፀሐይወርቅን አያት፤ የቀለበት ጣቷ ፎጣው ውስጥ ነበር። ያኔ እሷም ያመለከተችው አንድ ገጽ ነው። የፊደል ግድፈቱን በቀይ አርሞ ነበር የመለሰላት። ይሄ ትዝ ሲለው ፊቱ ጋለ።

«ደንብ ደንብ ነው» አለ፣ ድምፁ እየሰለለ። «ለጨረታ ይቅረብ።»

መኪና ውስጥ ልጃቸው ሩታ፣ እዚሁ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ የገባችው፣ ከኋላ ወንበር ሆና፣ «ዳድ፣ ላይክ፣ ፎቶዋን በስክሪን ብታሳያቸውስ ኖሮ?» አለችው። የመለሰችላት ቆንጅት ናት፤ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብላ። ከዚያ እጇን ጉልበቱ ላይ አድርጋ እስከ ቤት አላነሳችውም።

እስከ ንግሡ፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል፣ ሦስት ሳምንት ነበር፤ ወሬ ለማርጀት አይበቃውም፣ ለመፋፋት ግን ይበቃዋል። መጀመሪያ ሳምንት፣ «ሳጥኑ ውስጥ የቄሣር ብር አለ» ተባለ። በሁለተኛው፣ «የሮማ ብር፣ የጌታ ዘመን» ተባለ። በሦስተኛው ነገሩ ለይቶለት፣ «ይሁዳ ጌታን ከሸጠበት ከሠላሳው ብር አንዱ ነው» ሆነ። እነዚያ ሲስሙ የነበሩ ሴቶች አፋቸውን በጠበል ተጉመጠመጡ። አንዷማ ጉልበቷ የባሰበት በዚያ ምክንያት እንደሆነ ምላ ትናገራለች። ቦው ወንዝ ውስጥ ይጣል የሚልም ተነሳ።

ገብረመድኅን ይህን ሲሰማ ሌት ተቀን ታመመ። ስልኩን አንስቶ ለእያንዳንዱ ሰው ደውሎ ሊያርም ነበር። ቆንጅት ስልኩን ነጠቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ አእምሮህ የት ሄደ? የይሁዳ ብር ነው ካሉ ማን ይገዛዋል? ማንም! አንተ ብቻ ነህ የምትጫረተው። እግዜር ራሱ መንገድ ጠረገልህ፤ አንተ ደግሞ ልታርመው!»

እውነቷን ነው። አሰበበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምላሱን ነክሶ ዋለ። መጋዘን ውስጥ ትርፍ ሺፍት ገባ፤ ቆንጅትም የራሷን ትርፍ ሺፍት ጨመረችለት። «እንካ፣ ጣውንቴን አስመልሳት። ቤቱ ቀዝቅዟል» አለችው። ቀልዷ ነው፤ ግን የብሯን ባዶ ሳጥን ኮሞዲኖ ላይ ሲያይ ሲውል አይታዋለች፣ አሳዝኗታል።

የንግሡ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጨረታውን የሚመራው ዘነበ ነው፤ በትራክ መንገድ ላይ ለብቻው ሲዘፍን የኖረ፣ ድምፁ ማይክ የማይፈልግ ሰው። ጃንጥላ ሸጠ፤ የገዛው መልሶ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ፣ ደግሞ ሸጠው፣ ሦስት ጊዜ። ምንጣፍ ሸጠ። ከዚያ ትንሿን ብር በሁለት ጣቱ ይዞ ከፍ አደረጋት። ሰው ሁሉ ወደኋላ ሸሸት አለ። አንዳንዱ አማተበ።

«እንግዲህ ይቺ ናት» አለ ዘነበ፣ እሱም ቀዝቀዝ ብሎ። «ታሪኳን ታውቃላችሁ። ማን ይጀምራል?»

«ሃምሳ» አለ ገብረመድኅን።

«ሃምሳ! ሃምሳ አንድ ጊዜ!»

ድምፅ የለም። «እሳት ይብላው» አሉ አንዲት እናት፣ ቀስ ብለው።

«ሃምሳ ሁለት ጊዜ!»

ቆንጅት የባሏን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች። ተሳካ፤ አለቀ። አንዲት ቃል ብቻ ቀርታለች። ግን ዘነበ ጨረታ ያለ ቅመም አይሆንለትም፤ በሃምሳ ዶላር ማውረዱ ከነከነውና ትንሽ ታሪክ ሊጨምርበት ፈለገ።

«ኧረ ወገኖቼ፣ ጠቃሚ ነገር እኮ ነው! ይሁዳ ይህቺን ብር ከሮማው ንጉሥ ከጢባርዮስ እጅ ተቀብሎ...»

«ዝም በል» አለች ቆንጅት በባሏ ጆሮ። «በእመብርሃን ዝም በል።»

ገብረመድኅን ታገለ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ጥርሱን ገጠመ። ከዚያ ከወንበሩ ተነስቶ ሲቆም እሱም አልታወቀውም።

«ከንጉሡ እጅ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «ይሁዳ የተቀበለው ከካህናት አለቆች ነው! ብሩም ሊቃውንቱ እንደሚሉት የጢሮስ ብር ነው፤ ንስር ያለበት፣ ከዚህ የሚከብድ! ይህች ዲናር ናት! ይሁዳ አልነካትም! ጌታ ‘አሳዩኝ’ ብሎ ያስመጣት፣ በዓይኑ ያያት፣ እንዲህ ያለችዋን ነው!»

ከዚያ ከሴቶቹ በኩል እልልታ ፈነዳ።

«መቶ!» አለ አንዱ። «ሁለት መቶ!» «ሦስት!» አሥራ አራት ዓመት ያልሰማው ሕዝብ፣ በሃያ ሴኮንድ ያስተማረውን ቃል በቃል ተቀበለው። ምነው ያን ቀን ባይሰማው ኖሮ! ገብረመድኅን ተከተለ፤ የራሱን ሺፍት ጨረሰ፣ የቆንጅትን ሺፍት ጨረሰ፣ ከዚያ እጁ ወደ ላይ አልሄድ አለው። ቁጭ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው።

ሁለት ሰው ቀረ። አንዱ የታክሲዎች ባለቤት ነው፤ ሌላዋ ከማዕድ ቤቱ በር ላይ የቆመች ሴት፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ። ፀሐይወርቅ። ባለታክሲው ዋጋ በጠራ ቁጥር፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ትጨምርበታለች። አንዴም አላመነታችም። ባለታክሲው ዞር ብሎ ፊቷን አየና እጁን ሰጠ።

«ሦስት ጊዜ!» አለ ዘነበ። «ለእህታችን ለፀሐይወርቅ!»

ገብረመድኅን አላጨበጨበም። ማጨብጨብ አቅቶት ነው።

ፓርኪንጉ ላይ ገብረመድኅን በረዶው ከመስታወቱ አልላቀቅ ብሎት ይፍቃል። ቆንጅት መኪናው ውስጥ ሆና ማሞቂያውን ለቃለች፤ መስኮቷን ግን ትንሽ ከፍታዋለች፣ ነገር እንዳያመልጣት። ፀሐይወርቅ ነጠላዋን በጃኬት ላይ አጣፍታ ወደሱ መጣች። ገብረመድኅን መፋቂያውን አወረደ። የሚለውን ሦስት ዓመት ሙሉ ያውቀው ነበር፤ ማን ያስወጣው።

«ፀሐይወርቅ፣ በቀለበትሽ ጉዳይ አጥፍቻለሁ» አለ። «ደንቡ አልነበረም፤ እኔ ነኝ። ማመልከቻሽን ሳርመው ማን እንደጻፈው ረስቼ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ፊቱን አየች። የውሸት ይቅርታ እንዳልሆነ ገባት።

«እኔም እውነቱን ልንገርህ» አለች። ገብረመድኅን «ልንገርህ» የሚለውን ሰምቶ ቀና አለ። «ልጫረት ስነሳ ላበሳጭህ ነበር። እንዲያንገበግብህ። መሐል ላይ ግን ያ ቀረ። ያኔ አቅሜ አልቆ የቆምኩት ትዝ አለኝ፤ ዛሬ አልቆምም አልኩ። ከዚያ ሳጥን አንድ ነገር ይዤ መውጣት ነበረብኝ፣ ጋሼ ገብሬ። ምንም ይሁን።»

ጓንቷን አወለቀች። ዲናሯ መዳፏ ላይ ነበረች፤ የቀለበት ጣቷ ሥር።

«እስኪ ንገረኝ። ያን እሁድ ማዕድ ቤት ነበርኩ፣ አልሰማሁህም። ይቺ የተቀመጠችው ማናት?»

አሥር ደቂቃ የሚወራ ነበረው። ወንበሩ፣ በትሩ፣ የሊቃውንቱ ክርክር። ጉሮሮውን አልጠረገም።

«ሰላም ናት ይላሉ» አለ።

«ሰላም?» ፀሐይወርቅ ብሯን ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። «ከማተቤ ጋር ላስራት ነው» አለች። «እናቴ ማርትሬዛ ነበራት፣ አንገቷ ላይ። ዳውንታውን አንድ ወርቅ ሠሪ አውቃለሁ፣ ይበሳልኛል። ብትበሳ ችግር አለው እንዴ?»

መኪናው ውስጥ ቆንጅት ማሞቂያውን ዝቅ አደረገች፣ እንድትሰማ።

ገብረመድኅን ብሯን አያት። ስድስት ዓመት ዳርና ዳሯን ብቻ ነበር የያዛት፤ ላብ እንዳይነካት። ከመሬት ተቆፍራ ወጥታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ አንድ ቀዳዳ ሳይነካት እዚህ የደረሰች ብር። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በብርድ ይሆናል።

«ምንም ችግር የለውም» አለ።

ከዚያ ጓንቱን በጥርሱ ስቦ አወለቀና፣ በትንሿ ጣቱ ጥፍር ከሴትየዋ ራስ በላይ፣ ከፊደሉ ራቅ ያለውን ባዶ ቦታ ነካ አደረገላት። «እዚህ ጋ ይብሳው በይው። ፊቷን እንዳይነካው።»